«ሮሚዮና ጁልየት»ን እንዴት እናጥና? ገጸ ባሕርያቱና የሥነ ጽሑፍ ስልቶቹ

የሼክስፒርን «ሮሚዮና ጁልየት» የሚያጠኑ ብዙ ተማሪዎች የገጸ ባሕርያቱን ስም በአንድ ገጽ፣ የሥነ ጽሑፍ ስልቶቹን ፍቺ በሌላ ገጽ ጽፈው ይሸመድዳሉ። እንዲህ የተያዘ ዕውቀት ተውኔቱን አያስጨብጥም። የተሻለው መንገድ እያንዳንዱን ትዕይንት «እዚህ ላይ ማን ምን ያውቃል? ከማንስ ምን ተሰውሯል?» እያሉ ማንበብ ነው፤ በዚህ ተውኔት አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ባለማወቁ ነውና። የከበደ ሚካኤልን የአማርኛ ትርጉም ያገኘ ሰው ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን ቢያነበው ይጠቀማል።

በመቅድሙ ይጀምሩ። በ14 ስንኞች የተዋቀረው ይህ ሶኔት መቼቱ ቬሮና መሆኑን፣ ሁለት ቤተሰቦች በቆየ ቂም እንደሚጋደሉ፣ ፍቅረኞቹም እንደሚሞቱ አስቀድሞ ይነግረናል። ይህ ንግር ይባላል፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እኛ ከገጸ ባሕርያቱ የበለጠ እናውቃለን ማለት ነው።

ቀጥለው ገጸ ባሕርያቱን በወገን ይለዩ። ሮሚዮና ዘመዱ ቤንቮሊዮ ከሞንታግ ወገን ናቸው፤ ገና 14 ዓመት ያልሞላት ጁልየት፣ ሞግዚቷና የእናቷ የወንድም ልጅ ቲባልት ደግሞ ከካፑሌት ወገን ናቸው። ልዑል ኤስካለስ፣ ዘመዶቹ መርኩሺዮና ፓሪስ፣ እንዲሁም መነኩሴው ሎረንስ ከሁለቱም ቤት አይደሉም። ቤንቮሊዮ ሰላም ፈላጊ፣ ቲባልት ጠብ ፈላጊ ሆነው የተቀረጹት አንዱ የሌላውን ጠባይ አጉልቶ እንዲያሳይ ነው።

ጊዜ ሰጥተው ሊያጠኑት የሚገባው ሦስተኛው ገቢር፣ አንደኛው ትዕይንት ነው። ሮሚዮ ጁልየትን በምስጢር ካገባ ገና አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነው፣ ለጠብ የመጣበትን ቲባልትን እንደ ዘመድ ያየዋል። ቲባልት ይህን አያውቅም፤ መርኩሺዮም ስለማያውቅ የወዳጁን ትዕግሥት እንደ ውርደት ቆጥሮ ሰይፉን ይመዝዛል። ሮሚዮ ሊገላግል መካከላቸው ሲገባ፣ ቲባልት በክንዱ ሥር አሾልኮ መርኩሺዮን ይወጋዋል። እስከዚህ ድረስ ሳቅ የማይለየው ተውኔት ከዚህ በኋላ ወደ ሞት ያዘነብላል። መርኩሺዮ እየሞተ እንኳ «ቁም ነገረኛ» እና «መቃብር» የሚሉ ሁለት ፍቺዎች ባሉት ኅብረ ቃል ይቀልዳል።

አያዎን፣ ማለትም ተቃራኒ ቃላትን አጣምሮ የመናገርን ስልት፣ ለመረዳት ሁለት ቦታዎችን ያነጻጽሩ። ሮሚዮ በመጀመሪያው ትዕይንት ከጁልየት በፊት ይወዳት በነበረችው በሮዛሊን ፍቅር ተይዞ ስለ ቀዝቃዛ እሳትና ስለ ታማሚ ጤና ይናገራል፤ በእኔ ግምት ይህ የዘመኑን የፍቅር ግጥም መኮረጅ ነው። ጁልየት ግን ባሏ ቲባልትን መግደሉን ስትሰማ «ውብ ጨቋኝ፣ መልአክ መሳይ ሰይጣን» ስትል ልቧ በእርግጥ ለሁለት ተከፍሏል። ስልቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የተናጋሪዋ አዲስ ዕውቀት ክብደት ሰጥቶታል።

ድራማዊ ምጸት፣ ማለትም ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርዩ አለማወቁ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በመቃብሩ ትዕይንት ነው። ለ42 ሰዓት እንደ ሞተ ሰው የሚያስተኛውን መድኃኒት ጁልየት መጠጣቷን እኛ እናውቃለን። ሎረንስ ይህን ለሮሚዮ ለማስረዳት የጻፈውን ደብዳቤ የያዘው ሌላው መነኩሴ ዮሐንስ በወረርሽኝ ፍርሃት ቤት ተዘግቶበት ስለቀረ፣ ሮሚዮ የሰማው የአሽከሩን የባልታዛርን መርዶ ብቻ ነው። መርዙን ይዞ አጠገቧ ቆሞ ከንፈሯና ጉንጯ ገና ቀይ መሆኑን ያያል፤ ሞት ውበቷን እንዳላሸነፈው ይናገራል፤ ሆኖም ምክንያቱን አይጠረጥርም። ስለዚህ ትዕይንት ሲጽፉ «ምጸት አለ» ብለው አያቁሙ፤ እኛ የምናውቀውን፣ እሱ ያየውንና የደመደመውን ለይተው ያስፍሩ።

በመጨረሻም መነኩሴው ሎረንስ በልዑሉ ፊት የሚያቀርበውን ረጅም ኑዛዜ አይዝለሉት። ለእኛ አዲስ ነገር ባይነግረንም፣ ሁለቱ አባቶች እኛ የምናውቀውን ያህል የሚያውቁት ገና ያን ጊዜ ነው፤ እጅ ለእጅ የሚጨባበጡትም ከዚያ በኋላ ነው።