ጦሩ ቢወጣ ሽብር ይቆማል? በዚህ ክርክር ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አገሮች በሰው ጉዳይ ጣልቃ መግባት ቢያቆሙ የሽብር ቡድኖች ወጣት መመልመል ይቸግራቸው ነበር? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ጦሩን አስወጡና እዩት፣ ሁሉም ይረግባል» ይላል። ሌላው «ከወጣችሁማ በራችሁ ድረስ ይመጣሉ» ይላል። እኔ ጣልቃ አለመግባት ወደሚለው አደላለሁ። ግን የራሴ ወገን የሚያነሳቸው መከራከሪያዎች አንዳንዴ ያሳፍሩኛል። ከታች ያሉት ስህተቶች የሁለቱም ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።)

የመልማዩን ንግግር የተመልማዩ ምክንያት ማድረግ

ኦሳማ ቢን ላደን በ1996 እና በ1998 ባወጣቸው መግለጫዎች ቅሬታውን ዘርዝሯል። የአሜሪካ ጦር በሳዑዲ ዓረቢያ መስፈሩን፣ በኢራቅ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ፣ የኢየሩሳሌምን ጉዳይ አንስቷል። «ይኸው፣ በራሱ አፍ ተናግሯል» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ተናግሯል። ግን መግለጫ የሚጽፈው መሪና ጠመንጃ የሚያነሳው ልጅ አንድ ሰው አይደሉም።

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በአፍሪካ ጽንፈኛ ቡድኖችን በፈቃዳቸው የተቀላቀሉ ሰዎችን አነጋግሮ በ2017 ውጤቱን ይፋ አድርጎ ነበር። በመጨረሻ ለመቀላቀል የገፋፋቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ 71 በመቶው የመንግሥትን እርምጃ ጠቀሱ። የዘመድ ወይም የጓደኛ መገደል። የወንድም መታሰር። መልሱ ከዋሽንግተን ይልቅ ለሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ይቀርባል።

የናይጄሪያውን ታጣቂ ቡድን ቦኮ ሐራምን ተመልከቱ። መሪው መሐመድ ዩሱፍ በ2009 በፖሊስ እጅ እያለ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ይባስ ብሎ አገረሸበት። ናይጄሪያን የወረረ የውጭ ጦር ግን አልነበረም። ቱኒዚያም በእነዚያ ዓመታት ማንንም አልወረረችም፣ ማንም አልወረራትም። ሆኖም ወደ ሶሪያና ኢራቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ተዋጊዎች ከሄዱባቸው አገሮች አንዷ ናት።

ታዲያ የውጭ ፖሊሲ ምንም አያገባውም ማለት ነው? ኧረ ያገባዋል! መልማዩ የልጁን የግል ቁስል ከዓለም ካርታ ጋር የሚያገናኝበት ክር ከዚያ ነው የሚገኘው። በ2004 የአሜሪካ ወታደሮች ኢራቅ ውስጥ በአቡ ግሬብ እስር ቤት እስረኞችን ሲያሰቃዩ የሚያሳዩ ፎቶዎች ሲወጡ ፕሮፓጋንዳ ሠሪዎቹ ምንም መፈብረክ አላስፈለጋቸውም። ከአሥር ዓመት በኋላ «እስላማዊ መንግሥት» ነኝ የሚለው አይኤስ ታጋቾቹን ካሜራ ፊት አንበርክኮ ሲያርድ ያለበሳቸውን ብርቱካንማ ልብስ አስታውሱ። አሜሪካ በሽብር የጠረጠረቻቸውን ካሰረችበት ከጓንታናሞ እስረኞች ልብስ የተቀዳ ነው። ተመልካቹ ማብራሪያ ሳይሰጠው እንዲገባው ታስቦ ነው የተመረጠው።

ይህን ማለት ገዳዮቹን ማመካኘት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሐኪም የበሽታውን መንስኤ ስለተናገረ ለበሽታው ጠበቃ ቆመ አይባልም።

እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ማሰብ

ይህ የእኔ ወገን ትልቁ ስህተት ነው። «በመግባት ከበራ በመውጣት ይጠፋል» የሚለው ሒሳብ።

የኢትዮጵያ ጦር በታኅሣሥ 2006 መጨረሻ የሶማሊያን ዋና ከተማ ይዞ የነበረውን የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ከሞቃዲሾ አስወጣ። አልሸባብ ያኔ የኅብረቱ ትንሽ ክንፍ ነበር። «ወራሪን እንዋጋ» የሚለው ጥሪ ግን አሳደገው። አሜሪካ ካለችው ከሩቋ ሚኒሶታ ሳይቀር የሶማሊያ ተወላጅ ወጣቶች ቤተሰባቸውን ጥለው ሄደው ተቀላቀሉት። እዚህ ድረስ ጣልቃ ገብነትን የሚቃወሙ ሰዎች ልክ ናቸው።

ጥር 2009 ላይ ጦሩ ጠቅልሎ ወጣ። በዚያው ወር የቀድሞው የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት መሪ ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ማጥፊያው ተጫነ ማለት ነው። መብራቱ ግን አልጠፋም። አልሸባብ ሼክ ሸሪፍን ከሃዲ ብሎ መዋጋቱን ቀጠለ።

ያው ዓመት፣ ታኅሣሥ 3። ሞቃዲሾ ውስጥ ሻሞ ሆቴል የበናዲር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያስመርቃል። የሕክምና ተማሪዎች አሉበት። ወላጆች ተቀምጠዋል፣ ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ደግነዋል፣ ሚኒስትሮች ፊት ላይ ናቸው። አጥፍቶ ጠፊው የሴት ልብስ ለብሶ ገብቶ ራሱን አፈነዳ። ሐኪም ሊሆኑ የነበሩ ልጆች ካባቸውን እንደለበሱ ቀሩ። ከሟቾቹ ውስጥ ሚኒስትሮችና ጋዜጠኞችም ነበሩ።

እርግጥ ነው፣ የአፍሪካ ኅብረት ጦር ያኔም ከተማው ውስጥ ነበር፤ ሰበቡ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ግን ተመራቂ ሐኪም የውጭ ወራሪ አይደለም። ቡድኑ እያደር ግብር ሰብሳቢ፣ ደሞዝ ከፋይ፣ ዳኛ ሆኗል። አንዴ በእግሩ ከቆመ በኋላ የወለደው ቅሬታ ባይኖርም መኖር ይችላል። ሳይገቡ መቅረትና ከገቡ በኋላ መውጣት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ምልመላን ሊያስቀር ይችላል። ሁለተኛው የተመለመለውን ወደ ቤቱ አይመልስም።

ታሪኩን ከሚመቸን ዓመት መጀመር

ተቃራኒው ወገን ደግሞ ኢራቅን ይወዳል። «አሜሪካ በታኅሣሥ 2011 ወጣች፣ በሰኔ 2014 አይኤስ ሞሱልን ያዘ፤ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» ቆጠራውን ለምን ከ2011 ጀመራችሁት?

በግንቦት 2003 የአሜሪካ አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር የኢራቅን ጦር በአንድ ትእዛዝ በተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የታጠቁ፣ የሠለጠኑ ወንዶች በአንድ ጊዜ ያለ ሥራና ያለ ክብር ቀሩ። ከእነሱ መካከል የነበሩ መኮንኖች በኋላ የአይኤስ ወታደራዊ አዛዦች ሆነው ብቅ አሉ። የቡድኑ መሪ አቡበክር አል-ባግዳዲ በ2004 ኢራቅ ውስጥ ካምፕ ቡካ በሚባል የአሜሪካ ጦር እስር ቤት ነበር። አክራሪው፣ የቀድሞው መኮንንና በጥርጣሬ የተለቀመው ሰው እዚያ አንድ ግቢ ውስጥ ተዋወቁ።

ግን እኛም ከ2003 ጀምረን 2003 ላይ መቆም የለብንም። ጠቅላይ ሚኒስትር ኑሪ አል-ማሊኪ ከአሜሪካ መውጣት በኋላ የሱኒ ሙስሊሞችን እንዴት እንደያዙ ሳይነሳ፣ የሶሪያ ጦርነት ሳይነሳ የሞሱል መውደቅ አይገባም።

«ጣልቃ አልገባንም» የሚለውን በቃሉ መቀበል

አጭር ነው። ወታደር አለመላክ ብቻውን ጣልቃ አለመግባት አይደለም። በ2015 የመን ላይ የተጀመረውን የአየር ዘመቻ ሳዑዲ ዓረቢያ መራችው። ቦምቡን የሸጡት፣ ለአውሮፕላኖቹ አየር ላይ ነዳጅ የቀዱት ግን ሌሎች ናቸው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው የፍንጣሪው ብረት ላይ የት አገር እንደተሠራ ማንበብ ይችላል።

ቀጥሎ ማን እንደሚገባ አለመጠየቅ

አንድ ኃይል ሲወጣ ቦታው ባዶ አይቀርም። ፈረንሳይ በ2013 ማሊ የገባችው ታጣቂዎች ሰሜኑን ይዘው ወደ ደቡብ ሲገፉ ነው። ለዚያ ደግሞ ኔቶ በ2011 ሊቢያ ላይ ካካሄደው ዘመቻ በኋላ የተበተነው መሣሪያ አስተዋጽኦ ነበረው። ውሎ አድሮ ሕዝቡ በፈረንሳይ ተማረረ፤ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የማሊ ወታደራዊ መንግሥትም ዋግነር የተባለውን የሩሲያ ቅጥረኛ ጦር አስገባ። በመጋቢት 2022 የማሊ ወታደሮችና የውጭ አጋሮቻቸው ሙራ የምትባል መንደር ገቡ። የተባበሩት መንግሥታት ምርመራ እንደሚለው ቢያንስ 500 ሰው ገደሉ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ የመጨረሻው የፈረንሳይ ወታደር ከማሊ ወጣ። በመስከረም 2024 የአልቃይዳ ክንፍ የሆነው ጄኤንአይኤም ዋና ከተማዋ ባማኮ ድረስ ዘልቆ የጄንዳርሜሪ (የወታደራዊ ፖሊስ) ማሠልጠኛውንና የአየር ማረፊያውን አካባቢ አጠቃ።