ከሐረርና ከድሬ ተነስቶ ጋራ ለመውጣት (ለመውረድም)

ሐረር የመጣ እንግዳ ጀጎልን ይዞራል፣ ማታ ጅብ ሲበላ ያያል፣ በነጋታው ወደ ድሬ ይወርዳል። እኛ ነዋሪዎቹም ብዙም አንሻልም፤ ጋራው ፊታችን ተገትሮ ዓመት ከዓመት ሳንወጣው እንኖራለን። እንግዲህ መውጣት ላማረው ሰው መንገዱን ላሳይ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሰዓት። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። 1,000 ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ አካባቢ ይለወጣል። ስለዚህ እዚህ አገር ርቀት ከመጠየቃችሁ በፊት «ቆላው ላይ ስደርስ ስንት ሰዓት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት ነው። ረፍዶ የተነሳም ይደርሳል፣ ግን ተጠብሶ።

ለጀማሪ የሐኪም ጋራ ይበቃል። ከሐረር በስተደቡብ ነው፣ ከከተማው በእግር ይደረሳል። ስሙ የመጣው አው ሐኪም ከሚባሉ የሙስሊም ቅዱስ ሰው ነው፣ እዚያው የሚከበር ቦታ አላቸው፤ ሰው ሊዘይር ይመጣልና ድምፅ ቀንሱ፣ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ከላይ ሆናችሁ ጀጎልን ስታዩት ያ ሁሉ ቤትና መስጊድ እንዴት በዚያች ግንብ ውስጥ እንደተጠቀጠቀ ይገርማችኋል። ከመምሸቱ በፊት ውረዱ። ከተማ ውስጥ ያሉት ጅቦች ሰው ለምደዋል፣ የገደሉን ግን እኔ ዋስ አልሆንም።

ከሐኪም ቀጥሎ ቆረሚ ጥሩ ነው። ከሐረር በደቡብ ምሥራቅ ያለ የአርጎባ መንደር ነው፣ ቤቶቹ በድንጋይ የተካቡና እርስ በርስ የተጣበቁ፣ ከታች የኤረር ሸለቆ ተዘርግቶ የሚታይበት። ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር ብታደርጉት ይሻላል። ሰው ቤት ስትገቡ የተጠየቃችሁትን ክፈሉ፣ አትከራከሩ።

እኔ የምወደው ግን በሐረርና በድሬ መንገድ ላይ፣ ከቁልቁለቱ አናት ያለው ደንገጎ ነው፣ የምለውም ስለ መውጣቱ ሳይሆን ስለ መውረዱ። ከሐረር ወይም ከድሬ ሚኒባስ ይዛችሁ ደንገጎ ትወርዱና አስፋልቱን ትታችሁ ገበያተኛ አህያ እየነዳ በሚሄድበት የእግር መንገድ ወደ ድሬ ትወርዳላችሁ። ቁልቁለቱ ከ800 ሜትር አያንስም፤ ሳንባ አይጠይቅም፣ ጉልበት ግን ይበላል፣ ዱላ ያዙ። ሌላ አገር ተራራ የወጣ ሰው ሲደክመው ብርዱ ላይ ነው የሚገኘው፣ እዚህ ግን ጠዋት ጃኬት ለብሳችሁ ትጀምሩና እግራችሁ ሲዝል ሙቀቱ ከታች ቆሞ ይጠብቃችኋል። ለዚህ ነው ውሃችሁን ከግማሽ መንገድ በፊት መጨረስ የሌለባችሁ። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ያዙ። ለጭንቅላታችሁ የሚሆን ሽርጥ ወይም ኮፍያም አትርሱ።

ወደ ታች ስትቀርቡ መንገዱ ደረቅ አሸዋማ ወንዝ ውስጥ ይገባል። በበጋ ምርጥ መንገድ ነው። በክረምት ግን አትግቡበት፣ ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆን እንኳ። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ሐረርጌ ነው፣ ጎርፉ የሚመጣው ታች ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው እንዲሁ ነው። ከላይ ደመና ከጠቆረ ወደ ዳር ውጡና ጠብቁ።

ቁንዱዶ ሌላ ጉዳይ ነው። በጉርሱም በኩል የሚወጣ፣ ቁመቱ 3,000 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጫፉ ሜዳ የሆነ አምባ ነው። እዚያ ላይ ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች አሉ፣ ጥቂት ናቸው፣ አይታችሁ ልትመለሱም ሳታዩ ልትመለሱም ትችላላችሁ። ጭጋግ ቶሎ ይይዘዋል፣ ዳሩ ደግሞ ገደል ነው። ስለዚህ ያለ አካባቢው ልጅ አትውጡ። የጉርሱም ከተማ ፉኛን ቢራ ስትደርሱ ወረዳው ጎራ በሉ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ መንገዱ ሰላም እንደሆነ ጠይቁ፣ ከዚያ የሚያወጣችሁን ሰው ያዙና ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። ሰዓት ስታሰሉ ሜዳውን በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያዙት፣ ለየ300 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። እኩለ ቀን ላይ ጫፉ ካልታየ ተመለሱ፣ ተራራው የትም አይሄድም።

ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ጥቅምት ላይ ማሽላው ገና አልታጨደም፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። በግንቦትና በሰኔ ድሬ አካባቢ መራመድ እብደት ነው።

የተረፈው ጥቃቅን ነገር ነው። ሶሉ የጠነከረ ጫማ ይበቃል፣ ገበሬው በኮንጎ ነው የሚወጣው። ካርታውን ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱት፣ ኔትወርክ ጋራው ጀርባ ላይ ይጠፋል። በጫት እርሻ መሃል አቋርጣችሁ አትሂዱ፣ እርከኑ ይፈርሳል፣ ባለቤቱም ሌባ ነው የሚላችሁ። ሰው ስታገኙ ቆማችሁ ሰላም በሉ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» ወይም «አካም ጅርቱ» ካላችሁ መንገዱን ራሳቸው ያሳዩዋችኋል። ውሻ ከመጣ አትሩጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ሁኑ፣ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። የሚኒባስ ሾፌሩን ስልክ ደግሞ ጠዋት ስትወርዱ ተቀበሉ፣ ከመሸ ከገጠር ወደ ሐረር የሚመለስ መኪና ማግኘት ጣጣ ነው።