የኪያንቲ ክላሲኮ ጠርሙስ በጎጃም ቤት፦ አነባበቡና አቀራረቡ

ከጣሊያን የመጣ ዘመድ ለደብረ ማርቆስ ቤተሰቡ ኪያንቲ የተባለውን ቀይ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቢያመጣ፣ ቡሹ ከመነቀሉ በፊት ጽሑፉን ማንበብ ይገባል። «ኪያንቲ» እና «ኪያንቲ ክላሲኮ» በሕግ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው በጣሊያን ከተሞች በፍሎረንስና በሲዬና መካከል ካለው ጥንታዊ ኮረብታማ አገር ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ የዚያን አገር ወሰን የቶስካናው ታላቅ መስፍን ኮዚሞ ሣልሳዊ ደ ሜዲቺ በ1716 በአዋጅ ከልሎታል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቀጥሎ የጥቁር አውራ ዶሮውን ምልክት ይፈልጉ፤ ከ2005 ወዲህ በሁሉም የክላሲኮ ጠርሙሶች ላይ ይገኛል። በአፈ ታሪኩ መሠረት ሁለቱ ከተሞች በድንበር ሲጣሉ፣ ፈረሰኞቻቸው ዶሮ ሲጮህ ተነሥተው የሚገናኙበት ስፍራ ወሰን እንዲሆን ተስማሙ። ሲዬናዎች ነጭ ዶሯቸውን ሲቀልቡ ፍሎረንሶች ጥቁሩን አስርበውት ነበርና፣ ገና ሳይነጋ ጮኾ አብዛኛውን መሬት አስገኘላቸው።

በጠርሙሱ ውስጥ ካለው ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ከተባለው ጥቁር ወይን የተጠመቀ መሆን አለበት። የቀረውን ካናዮሎ፣ ኮሎሪኖ፣ ወይም ከፈረንሳይ የሄዱት ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ሊሞሉት ይችላሉ፤ ነጭ የወይን ፍሬ መቀላቀል ግን ከ2006 ምርት ጀምሮ ተከልክሏል። ሳንጆቬዜ ኮምጠጥ ያለና ድድ የሚያደርቅ ስለሆነ፣ ጣፋጭ የማር ጠጅ የለመደ እንግዳ «ተበላሽቷል» እንዳይል አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል።

በስሙ ላይ ተጨማሪ ቃል ከሌለ ጠጁ ቢያንስ 12 ወር ቆይቷል ማለት ነው። «ሪዜርቫ» 24 ወር፣ «ግራን ሴሌሲዮኔ» ደግሞ 30 ወር የቆየ ሲሆን፣ የመጨረሻው አምራቹ ከራሱ ማሳ በለቀመው ወይን ብቻ ይጠመቃል። በጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ነው። ለቀማው በአብዛኛው በእኛ መስከረም ስለሚውል ወደ አገራችን አቆጣጠር ለመመለስ ሰባት ይቀንሱ፤ 2020 የሚል ጠርሙስ የ2013 መስከረም ፍሬ ነው።

የወይን ጠጁ ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሆን ቢጠጣ ይመረጣል። በደብረ ማርቆስ ቀዝቃዛ ጓዳ ማቀዝቀዣ ላያስፈልግ ይችላል፤ በባሕር ዳር ሙቀት ግን ለሃያ ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ። ብዙ ዓመት የቆየ ጠርሙስ አተላ ሊኖረው ስለሚችል ከዋዜማው ጀምሮ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ሲቀዱም እንደ ጠላ አተላ ከታች ያለው እንዳይናወጥ ይጠንቀቁ። ብርሌ ለማር ጠጅ እንጂ ለዚህ አይመችም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ መዓዛው ከአፍንጫ አይደርስም። ሰፋ ያለ ብርጭቆ ወስደው ሲሶውን ብቻ ይሙሉ። እንግዳን አፍ እስከ አፍ ሞልቶ ማስተናገድ በለመደ ቤት ይህ ስስት እንዳይመስል ምክንያቱን መናገር አይከፋም።

ከምግቡ ጋር ያለው ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በርበሬና ሚጥሚጣ የጠጁን አድራቂነትና የአልኮሉን ማቃጠል ስለሚያጎሉ እኔ ከዶሮ ወጥ ጋር አላቀርበውም። አዋዜ ያልነካው የበግ ጥብስ ወይም የሥጋ አልጫ ከሆነ ግን ኮምጣጣነቱ ስቡን እየቆረጠ ሁለቱንም ያጣፍጣል። የተረፈውን በቡሹ መልሰው ይክደኑና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይጨርሱት።