የፕላስቲክ በርጩማ ሞልድ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

እንከን ሲታይ እጅ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ማሽኑ መቆጣጠሪያ ነው። ከዚያ በፊት አስር በርጩማ በተከታታይ አስወጡ፤ ቁጥር ጻፉባቸውና ጎን ለጎን ደርድሯቸው። እንከኑ በአስሩም ላይ እዚያው ቦታ ከሆነ መጀመሪያ ሞልዱን፣ ማለትም የቀለጠው ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበትን ብረት፣ ጠርጥሩ። ቦታ እየቀያየረ ከመጣ ወደ ጥሬ ዕቃውና ወደ ማሽኑ ሂዱ። ከታች ያሉት ቁጥሮች ለፖሊፕሮፒሊን፣ በተለምዶ ፒፒ ለምንለው ናቸው።

መቀመጫው ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት

በርጩማውን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ስታዩት ከእግሩ ወይም ከሪቡ (ከሥር ከሚያጠነክረው ስስ ክንፍ) በላይ ያለው ፊት ጎድጉዶ ይታያል። መንስኤው ውፍረት ነው። ጅማ ላይ ስህተቱ የሚገባበት በር ደግሞ ይታወቃል፤ ባለ ሦስት እግሩን የእንጨት በርጩማ እንዳለ ወደ ፕላስቲክ ማዛወር። ጠራቢው ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ሲያወጣው የእግሩ መወፈር ጥንካሬ ነው። ፒፒ ላይ ግን ውጪው ቀድሞ ይረጋል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲኮማተር ፊቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። የማቀዝቀዣ ጊዜውም በውፍረቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ 3 ሚሊሜትር የነበረው 6 ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል።

የውጪውን መልክ ጠብቁ፣ ውስጡን ግን ባዶ አድርጉት። እግሩ ወደ ውስጥ በኩል ክፍት ይሁን፣ ግድግዳው ከ3 እስከ 3.5 ሚሊሜትር። ሪቡ ከሥሩ የግድግዳውን ግማሽ አይለፍ፤ ለ3 ሚሊሜትር 1.5 ይበቃል። ሪብ ሞልዱ ላይ ሲታይ ብረት ውስጥ የተቆፈረ ጠባብ ቦይ ነው። ማስፋቱ ቀላል ነው፤ ለማጥበብ ግን ብየዳ ወይም ተገጣሚ ብረት ይፈልጋል። አጥብባችሁ ጀምሩ፣ ሞክራችሁ አስፉ።

ሞልዱ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ማስታገሻ የመያዣ ግፊት፣ ማለትም ሞልዱ ከሞላ በኋላ ማሽኑ ፕላስቲኩን ገፍቶ የሚይዝበት ኃይል፣ ነው። የመያዣ ጊዜውን አንድ አንድ ሰከንድ እየጨመራችሁ እያንዳንዱን በርጩማ መዝኑ። ክብደቱ መጨመር ሲያቆም ጌቱ (ፕላስቲኩ ወደ ሞልዱ የሚገባበት ጠባብ በር) ረግቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ መያዝ ጊዜና መብራት ማባከን ነው።

ያልሞላ ወይም የጠቆረ የእግር ጫፍ

መውጫ ያጣ አየር ተጨምቆ ይግልና ፕላስቲኩን ያሳርረዋል። የኢንጀክሽን ፍጥነቱን (ፕላስቲኩ ወደ ሞልዱ የሚገፋበትን ፍጥነት) ስትቀንሱ ጥቁረቱ ከጠፋ መንስኤው ተረጋገጠ። ሁለቱ ግማሾች በሚገጥሙበት መስመር ላይ፣ ከእግሩ ጫፍ ፊት ለፊት፣ የአየር መውጫ ፍቁ፤ ጥልቀቱ 0.02 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 6፣ ርዝመቱ 2። ከዚያ ወዲያ እስከ ውጪ ድረስ ግማሽ ሚሊሜትር ይጥለቅ። የመጀመሪያው ክፍል 0.05 ከደረሰ ግን ፕላስቲኩ ራሱ ይወጣበታል።

ፍላሽ

ጠርዙን ይዞ የሚወጣው ስስ ትርፍ ዙሪያውን ከሆነ የመዝጊያ ኃይሉን አስሉ፤ በካሬ ሴንቲሜትር ከ0.3 እስከ 0.5 ቶን። ከላይ ሲታይ 1,000 ካሬ ሴንቲሜትር የሚሸፍን በርጩማ ከ300 እስከ 500 ቶን ማሽን ይፈልጋል። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ የተጣበቀውን ቅሪት በነሐስ መፋቂያ አጽዱ፣ አንዱን ፊት መፈተሻ ሰማያዊ ቀለም ቀቡና ዘግታችሁ ክፈቱ። ቀለሙ ያልተላለፈበት ቦታ አይገጥምም። በእጅ ግራይንደር ግን አትንኩት።

ሰው ሲቀመጥበት የሚሰነጠቅ እግር

የተሰበረውን ፊት ቀርባችሁ እዩት። ጤናማ ፒፒ ከመሰበሩ በፊት ይነጣል፣ ይለጠጣል። ሳይነጣ እንደ ብስኩት ቀጭ ካለ የተፈጨው አሮጌ ፕላስቲክ ወይም የካልሲየም ካርቦኔቱ ድርሻ በዝቷል። ስንጥቁ ሁልጊዜ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሄደ ግን ሁለት የፕላስቲክ ፍሰቶች ቀዝቅዘው የተገናኙበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው የጣት ማስገቢያ ቀዳዳ ኋላ ይታያል። ቀዳዳውን ከእግሩ ሥር አርቁ ወይም የጌቱን ቦታ ለውጡ። እግሩና መቀመጫው የሚገናኙበትን የውስጥ ማዕዘንም ቢያንስ በግድግዳው ግማሽ ራዲየስ አክብቡት። ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው፤ ሰው ይወድቅበታል።

ጠዋት ጠዋት የሚታይ የውሃ ጭረት

ፒፒ እርጥበት አይጠጣም፤ ጭረቱ የሚመጣው ካላበው ሞልድ ወይም እርጥብ መጋዘን ውስጥ ከተቀመጠ ከረጢት ነው። በክረምት የሥራ ቦታው ሙቀት 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ቢሆን፣ ከ18 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ብረት ሁሉ ያልበዋል። ቺለሩን (በሞልዱ ውስጥ የሚዞረውን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ማሽን) 12 ላይ ማድረግ ያፈጠነ ይመስላል እንጂ ብረቱን ያዝጋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ውሃውን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አድርጉ። ሥራ ስታቆሙ መጀመሪያ ውሃውን ዝጉ፤ ብረቱ እስኪሞቅ ጥቂት ዙር አስኪዱ፣ ከዚያ ጠርጋችሁ ፀረ ዝገት ርጩ።

የሥራ ዙሩ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ከረዘመ ውስጡን ፈትሹ። ሞልዱ አዲስ ሳለ ባለ 10 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለእያንዳንዱ የውሃ መስመር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ያ ሰከንድ ከጨመረ ዝገት ወይም ደለል አጥብቦታል። ሞቅ ባለ 5 በመቶ ሲትሪክ አሲድ አዙሩበት፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ በአየር አድርቁ። መጀመሪያ የኮሩን (የበርጩማውን የውስጥ ፊት የሚሠራውን የሞልዱን ግማሽ) መስመር እዩ፤ ኮሩ በትኩስ ፕላስቲክ ተከቦ ስለሚሠራ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣለትም።

ከኮሩ አልላቀቅ የሚል በርጩማ

የግድግዳው ዝንባሌ ከ1.5 ዲግሪ ካነሰ ጨምሩ። ኮሩን እንደ መስታወት አታብሩት፤ ፒፒ በጣም ለስላሳ ብረት ላይ ቫክዩም ፈጥሮ ይጣበቃል። የብርጭቆ ወረቀቱን በሚወጣበት አቅጣጫ ብቻ ሳቡ፣ ከመቀመጫው ሥር የአየር ቫልቭ ግጠሙ።

የተጣመመ በርጩማ

ገና ትኩስ ሳለ አትለኩት፤ ፒፒ ከወጣ በኋላም መኮማተሩን ስለሚቀጥል 24 ሰዓት ጠብቁ። ሞቆ ወደ ቆየው ብረት በኩል ይጎብጣል፤ የኮሩንና የካቪቲውን (የውጪውን ፊት የሚሠራውን ግማሽ) ሙቀት ለኩና አቀራርቡ። ባለ አራት እግሩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ስታስቀምጡት ስህተቱን ያሳብቃል። ባለ ሦስት እግሩ ግን አንዱ እግር ቢያጥርም አይነቃነቅም፤ ስለዚህ መቀመጫው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ እዩ።