ከፍራንክፈርት ለንደን አርባ ደቂቃ አይደለም

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ትኬት ማተም የዘወትር ሥራዬ ነው። ባለፈው አንዲት እናት ልጃቸው በቴሌግራም የላከችላቸውን ትኬት ይዘው መጡ። ከአዲስ አበባ ጀርመን ፍራንክፈርት፣ ከዚያ ለንደን ሂትሮው። «ልጄ፣ ሁለተኛዋ አርባ ደቂቃ ብቻ ናት አይደል?» አሉኝ። መነሻው 10፡00፣ መድረሻው 10፡40 ይላል። እውነተኛው ጉዞ ግን አንድ ሰዓት ከአርባ ነው። ለእሳቸው ያስረዳሁትን ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ የኤርፖርቱን ስም አጣሩ። የከተማው ስም አይበቃም። ለንደን ሂትሮው አለ፣ ጋትዊክ አለ፣ ስታንስቴድ አለ፣ ሉተን አለ። «ፍራንክፈርት ሃን» የሚባለው ደግሞ ከፍራንክፈርት ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከእኛ አዲስ አበባ እንደመሄድ በሉት። ትኬቱ ላይ ያሉትን ሦስት ፊደላት እዩ፦ ኤፍ አር ኤ ዋናው ፍራንክፈርት ነው፣ ኤል ኤች አር ሂትሮው።

ርቀቱን ጉግል ማፕ ላይ ትለካላችሁ። አንዱን ኤርፖርት በጣት ጫን አድርጎ መያዝ፣ ርቀት መለኪያውን መምረጥ፣ ከዚያ ካርታውን እስከ ሁለተኛው መሳብ። የሚሰጣችሁ የአየር መስመር ነው። የመኪና መንገድን ተዉት። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና በመኪና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣርማ በር ላይ ጠመዝማዛውን ስለምንወርድ እንጂ ለአሞራ ግማሹ ይበቃዋል። ከፍራንክፈርት ሂትሮው በአየር 655 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከፍራንክፈርት ሮም ፊዩሚቺኖ ደግሞ 960 አካባቢ።

አሁን ጊዜው። ርቀቱን ለ800 አካፍሉ፤ ጄት በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ፍጥነት ይበራል። በዚያ ላይ አርባ ደቂቃ ጨምሩ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሮም በዚህ ስሌት አንድ ሰዓት ከሃምሳ ይመጣል፣ ትኬት ላይ ከሚታየው ጋር ይቀራረባል። ለንደን አንድ ተኩል ይሆናል። ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ስለሚነፍስ ወደ ለንደን ሲኬድ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል።

ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ትኬት የሚጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው። እንግሊዝ ከጀርመን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ዓመቱን ሙሉ። ያ አንድ ሰዓት ነው የጠፋው። ስትመለሱ ደግሞ ተገልብጦ፣ በረራው አንድ ሰዓት የረዘመ ይመስላል።

በዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር አለ። ትኬቱ 10፡00 ሲል ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ነው። ለትልልቅ ሰዎች እባካችሁ ይህን በእጃችሁ ጻፉላቸው። 10፡00ን በእኛ 10 ሰዓት ብሎ የተቀመጠ ሰው በረራው ያመልጠዋል፤ ያውም ሰው አገር።

እኒህ እናት የሚሄዱት በጥር ነው። በጥር ለንደን ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እነሱ ሰዓታቸውን ከሚቀይሩበት ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ግን ልዩነቱ ሁለት ነው። ከትኬቱ ጀርባ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩላቸው፦ «ከፍራንክፈርት በነሱ ጠዋት 4 ሰዓት ይነሳል። ለንደን በነሱ 4፡40 ይደርሳል። በእኛ 7፡40 ነው።» አንዱን ኮፒ ደብረ ብርሃን ለሚቀሩት ባለቤታቸው ወሰዱላቸው። ስልኩን ከዚያ በፊት እንዳይጠብቁ።