የቆየ የሸራ ጀልባ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ፒርሰን ትራይተን

ፒርሰን ትራይተን በ1959 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ሲቀርብ፣ ጀልባን ከፋይበርግላስ (በሙጫ ከጠነከረ የመስታወት ክር) መሥራት ገና ጀማሪ ሙያ ነበር። ንድፉ የካርል አልበርግ ነው፤ ርዝመቱ 8.6 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 2.5 ሜትር። የዚያ ዘመን ሠሪዎች የጀልባውን ገላ አወፍረው ይሠሩት ስለነበር ዛሬም የሚንሳፈፉ አሉ። ገዢን የሚያከስረው ሌላው ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጎንበስ ብሎ የጀልባውን ሆድ ብቻ መመርመር ነው። ከውሃ በታች ጥቃቅን እብጠት አይቶ የሚደነግጥ ሰው፣ የቆመበትን ወለል ሳያይ ይፈርማል። የላይኛው ወለል በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ሽፋኖች መካከል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት የተቀበረበት ነው። በቡሎን ቀዳዳ ውሃ ከሰረገ ባልሳው እንደ ራሰ ዳቦ ይላላል። የፕላስቲክ መዶሻ ይዘው በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ኳ ኳ ያድርጉ፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ግን ድፍን ያለ «ዱብ» ይላል። በወለሉ ጠርዝ ዙሪያ ያለው መከላከያ አጥር ብረቶች የተተከሉበትን ሥር አይዝለሉ።

ሁለተኛው፣ የሚያፈሰውን ቡሎን ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብቶ መሄድ። ሲሊኮን ሲላቀቅ የሚተወው ቅሪት ሌላ ማጣበቂያም ቀለምም አያስይዝም፤ ውሃውም ከሥር መሄዱን ይቀጥላል። ቡሎኑ 8 ሚሊ ከሆነ የላይኛውን ሽፋንና ባልሳውን በ13 ሚሊ ትራፓኖ ያስፉ፤ የታችኛውን ሽፋን አይንኩ። ጫፉ የታጠፈ ምስማር ትራፓኖው ላይ አስረው በማሽከርከር ዙሪያውን ያለውን ባልሳ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልፍሉ። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ሥራውን እንደገና ይጀምራል። ቀዳዳውን ከታች በፕላስተር ደፍነው መጀመሪያ ቀጭን ኤፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ያጠጡት፣ ቀጥሎ በሲሊካ ዱቄት የወፈረውን ይሙሉ፣ በማግስቱ መሃሉን በ8 ሚሊ ይብሱ። የቀዳዳውን አፍ ትንሽ ሰርጎድ ካደረጉት ማሸጊያው እንደ ቀለበት ይቀመጥበታል። ከዚያ በኋላ ቢያፈስ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ኤፖክሲ ነው።

ተራዳውን፣ ማለትም ሸራው የሚሰቀልበትን ምሰሶ፣ የሚይዙት ገመዶች ሲላሉ ማጥበቅም የተለመደ ጥፋት ነው። የትራይተን ተራዳ የቆመው ወለሉ ላይ ነው፤ ሸክሙን የሚቀበለው ከወለሉ ሥር ያለው አግዳሚ ነው። አግዳሚው ሲጎብጥ ገመዱ ይላላል። ገመዱን ባጠበቁ ቁጥር ተራዳውን ይበልጥ ወደ ታች ይጫኑታል። ከተራዳው ሥር ያለው በር ክፈፉን እየነካ አልዘጋ ካለ፣ መፍቻውን አስቀምጠው አግዳሚውን ይመርምሩ።

ብዙዎቹ አቶሚክ 4 የተባለው የቤንዚን ሞተር አላቸው። ጥሩ ሞተር ነው፤ አደጋው ያለው የሞተሩን ክፍል አየር የሚያወጣውን ማራገቢያ ሳያስነሱ ቁልፉን ማዞር ላይ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ፣ እንደሚያፈስ የቡታጋዝ ሲሊንደር ታች ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ማራገቢያውን ቢያንስ 4 ደቂቃ ያሠሩ፣ አፍንጫዎንም ወደ ሞተሩ ክፍል ያስገቡ።

ወደ ኋላ ሲሄዱ መሪው ይታዘዘኛል ብሎ መጠበቅም ያሳፍራል። ኪሉ፣ ማለትም ከጀልባው ሆድ ሥር የወረደው ክንፍ፣ ረጅም ነው፣ መሪው ከኪሉ ጫፍ ጋር ተያይዟል፣ ፕሮፔለሩ በሁለቱ መካከል ባለ ክፍተት ይዞራል። ወደ ፊት ሲሄድ ውሃውን በቀጥታ መሪው ላይ ይገፋል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ግን መሪው ላይ የሚያርፍ ግፊት የለም። መሪውን አዙረው ለአፍታ ያህል ወደ ፊት አጠንክረው በመስጠት ጀልባውን ያሽከርክሩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሱ።

በመጨረሻ፣ ጀልባው በነፋስ ወደ ጎን መጋደሉን እንደ ጉድለት ማየት። ጀልባው ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃ የሚነካው ርዝመቱ 6.2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሲጋደል ከፊትና ከኋላ የወጡት ጫፎቹ ውሃ ስለሚነኩ ይረዝማል፣ ፍጥነትም ያገኛል። ልኩን ሲያልፍ ግን መሪው እጅ ላይ ይከብዳል፣ የጀልባው አፍንጫም ወደ ነፋሱ ይዞራል። ንፋሱ ወደ 15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲጠጋ በመሪው ከመታገል ዋናውን ሸራ ቀድመው ያሳንሱ፣ የፊቱን ይተዉት።