የድሮ ፒንቦል ማሽንን ጉልበት ለመመለስ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕድሜ የጠገበ ፒንቦል ማሽን (በዘመመ ሰሌዳ ላይ የብረት ኳስ እየመቱ የሚጫወቱበት) ፍሊፐሩ፣ ማለትም ኳሷን የሚመታው ክንፍ፣ ሲደክም፣ ኳሷ ዳገቱን ሳትጨርስ ስትመለስ፣ ኳሷ ስትነካው መልሶ የሚወረውራት ባምፐር ተነክቶ ዝም ሲል፣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው «ጉልበት አንሶታል፣ እንጨምርለት» ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚበቃው ጉልበት ነበረው። ያ ጉልበት አሁንም ከትራንስፎርመሩ ይወጣል፤ የሚባክነው መንገድ ላይ ነው፦ በቆሸሸ ኮንታክት (ሲነካካ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ የስዊች ጫፍ)፣ በተበላ ፕላስቲክ፣ በላላ ብሎን፣ በደረቀ ጎማ። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት የሚባክንበትን ቦታ ሳይፈልጉ ለመጨመር ከመቸኮል ነው።

ፍሊፐሩ ሲደክም ኮይሉን በጠንካራ ኮይል መቀየር

ኮይል ከረንት ሲያልፍበት ማግኔት ሆኖ የብረት ዘንግ የሚስብ ጥቅል ሽቦ ነው። በብዙ ማሽኖች የፍሊፐር ኮይል ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው። አንዱ ወፍራምና አጭር ነው፤ ሬዚስታንሱ (ከረንት የሚከለክልበት መጠን) ጥቂት ኦም ብቻ ስለሆነ ብዙ ከረንት ስቦ ፍሊፐሩን ያስፈነጥረዋል። ሁለተኛው ቀጭንና ረጅም ሲሆን ሬዚስታንሱ ከ100 ኦም ሊያልፍ ይችላል። የእሱ ሥራ ጣትዎን ከቁልፉ እስኪያነሱ ድረስ ፍሊፐሩን ደግፎ ማቆየት ነው። ፍሊፐሩ ጉዞውን ሊጨርስ ሲል አንዲት ትንሽ ስዊች ትከፈትና ሥራውን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ታሻግራለች።

ሒሳቡን እንሥራው። በ50 ቮልት የሚሠራ 4 ኦም ጥቅል 12.5 አምፔር ይስባል። በጎን ቁልፉ ኮንታክት ወይም በዚያች ትንሽ ስዊች ላይ ያለው ቆሻሻ 1 ኦም ቢጨምር ከረንቱ ወደ 10 አምፔር ይወርዳል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮይሉ የሚያገኘው ኃይል ከ625 ዋት ወደ 400 ዋት ወረደ ማለት ነው። ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ጉልበት በዓይን በማይታይ ጥቀርሻ ምክንያት ጠፋ። ጠንካራ ኮይል ቢያስገቡ ጥቀርሻው እዚያው ይቆያል፤ በላዩ የሚያልፈው ከረንት ስለሚበዛም ኮንታክቱ ቶሎ ይቃጠላል። ኮንታክቱን በኋላ ያጸዱት ቀን ደግሞ ፍሊፐሩ ኳሷን ከሚገባው በላይ እየወረወረ አሮጌዎቹን የፕላስቲክ ዒላማዎች መስበር ይጀምራል። ኮይል የሚቀየረው በመልቲሜትር ተለክቶ ሬዚስታንሱ ከተጻፈለት ርቆ ሲገኝ ወይም ሲቃጠል ነው። ሲቀየርም በዚያው ቁጥር ይቀየራል።

ትንሿን ስዊች ችላ ማለት

ከማሽኑ ዕቃዎች ሁሉ ቸልታ የሚበዛባት ይህች ስዊች ናት። ቶሎ ከተከፈተች ወፍራሙ ጥቅል ሥራውን ሳይጨርስ ይቋረጣል፤ ፍሊፐሩም ግማሽ መንገድ ላይ ይዝላል። ጭራሽ ካልተከፈተች ደግሞ ወፍራሙ ጥቅል ቁልፉ በተያዘ ቁጥር ሙሉ ከረንት ይወስዳል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግሎ ይቃጠላል። ማሽኑን ያጥፉ፣ ፍሊፐሩን በእጅ እስከ መጨረሻው ይግፉትና ይመልከቱ፤ ስዊቿ መከፈት ያለባት በጉዞው ማብቂያ ላይ ሲሆን ክፍተቷም ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ቅጠሎቿን ሲያስተካክሉ ከሥራቸው አጠገብ ይያዙና ቀስ ብለው ያጥፏቸው፤ ጫፋቸውን ይዞ መጠምዘዝ ኮንታክቶቹ በሰያፍ እንዲነካኩ ያደርጋል። ይህ ለቀድሞዎቹ ማሽኖች ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በወጡ አንዳንድ ማሽኖች ስዊቿ ለኮምፒውተሩ ምልክት ብቻ የምትሰጥ ሆናለች፤ በእነዚያ ላይ አሠራሯ ተቃራኒ ነው፣ በጉዞው ማብቂያ ትዘጋለች።

ኮንታክቱን ሁሉ በሞረድ መሞረድ

ጽዳት አስፈላጊ ነው ማለት ሁሉም በአንድ መሣሪያ ይጸዳል ማለት አይደለም። በፍሊፐር መስመር ላይ ያሉት ትላልቅ ኮንታክቶች ከተንግስተን የተሠሩ ጠንካራ ናቸው። ብዙ ከረንት ሲያቋርጡ ብልጭታ ስለሚበላቸው ቀጭን የኮንታክት ሞረድ ያስፈልጋቸዋል። በኤሌክትሮኒክስ በሚሠሩ ማሽኖች የመጫወቻ ሰሌዳ ላይ ያሉት ትናንሽ ስዊቾች ግን ስስ ወርቅ የተለበጡ ናቸው። ሞረድ ወይም የብርጭቆ ወረቀት አንዴ ካረፈባቸው ወርቁ ይሄዳል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ይዝጋል፤ ነገሩ ለጥቂት ሳምንት ይሠራና ከፊቱ የባሰ ይሆናል። ለእነዚህ አልኮል የነካ ጠንካራ ወረቀት በሁለቱ ኮንታክቶች መሐል አስገብቶ፣ ቀስ ብሎ ጨቁኖ መሳብ በቂ ነው። ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ሲያዩ ሥራው መሠራቱን ያውቃሉ።

ዘይት መቀባት

ይህንን አጥብቄ እለምናለሁ፦ በኮይሉ ውስጥ ዘይት አይጨምሩ። የብረቱ ዘንግ የሚመላለስበት የፕላስቲክ ቱቦ ደርቆ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ዘይት ሲገባበት የመጀመሪያው ቀን ያስደስታል፤ ከዚያ ኮይሉ ሲግል ዘይቱ ይወፍራል፣ የብረት ብናኝና አቧራ ይዞ ጥቁር ሊጥ ይሆናል። ዘንጉ ከቦታው ለመነሳት ሲታገል የሚታየው ድካም ደግሞ እንደገና «ጉልበት አነሰው» ያስብላል። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ብልጭታ በሚተፉ ኮንታክቶች አጠገብ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር መርጨት ደግሞ በእሳት መጫወት ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ቱቦውን አውጥቶ መጣል፣ ዘንጉን በጨርቅና በአልኮል ማጽዳት፣ አዲስ ቱቦ ማስገባት። አሮጌው ቱቦ በሙቀት አብጦ ወይም ቀልጦ አልወጣም ካለ ኮይሉም መለወጥ አለበት።

ቅባት የሚፈልጉ ቦታዎች አሉ፤ ለምሳሌ በኤሌክትሮሜካኒካል (ያለ ኮምፒውተር፣ በስዊችና በሞተር በሚሠሩ የቀድሞ) ማሽኖች ውስጥ ያለው ሞተር ማርሽ፣ ብረት ከብረት የሚፋተግባቸው ጥቂት መገጣጠሚያዎች። እዚያም ቢሆን ጠብታ ብቻ።

አንዱን ዕቃ ቀይሮ ጓደኞቹን መተው

የፍሊፐር ዕቃዎች አብረው ይበላሉ። ዘንጉ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሄዶ ከማረፊያው ብረት ጋር ሲጋጭ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ይደፈጠጣል። ያንን ዘንግ አዲስ ቱቦ ውስጥ ቢያስገቡት ቱቦውን ከውስጥ ይልገዋል። የማረፊያው ብረት ሲጎደጉድ ፍሊፐሩ ከልኩ በላይ ይሄዳል። ዘንጉን ከፍሊፐሩ የሚያገናኘው ማያያዣ ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ ሲሞላልል ደግሞ ዘንጉ የሚሄዳት የመጀመሪያዋ እርምጃ ፍሊፐሩን ሳታንቀሳቅስ በከንቱ ታልፋለች። ስለዚህ ቱቦ፣ ዘንግ፣ ማያያዣ፣ ማረፊያ ብረትና የሰሌዳው ቡሺንግ (የፍሊፐሩ እግር የሚዞርበት ቀለበት) በአንድ ላይ ይቀየሩ፤ በግራም በቀኝም። ሲገጥሙ ፍሊፐሩ ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሚሊ ሜትር ለማይሞላ ያህል ይንቀሳቀስ። ምንም ክፍተት ካልተዉለት ቡሺንጉን ይፈጨዋል፤ ብዙ ከተዉለትም ሰሌዳውን እየላጠ ይሄዳል።

የኤሲን ዕቃ ከዲሲ ማደባለቅ

በኤሌክትሮሜካኒካል ማሽኖች ብዙዎቹ ኮይሎች የሚሠሩት በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ከረንት) ነው፤ የኤሌክትሮኒክሶቹ በዲሲ (አቅጣጫው በማይቀየር)። የዲሲ ኮይል ላይ ዳዮድ፣ ማለትም ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ፣ ይኖራል። አዲስ ኮይል ሲበይዱ ቀለበት የተሳለበት የዳዮዱ ጫፍ ኃይል ወደሚመጣበት ሽቦ መሆን አለበት፤ ከተገለበጠ ፊውዝ ወይም ኮይሉን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትራንዚስተር ይዞ ይሄዳል። ዳዮድ ያለበትን ኮይል በኤሲ መስመር ላይ መግጠምም አይቻልም፤ ዳዮዱ የሞገዱን ግማሽ ሾርት ያደርገዋል። የማረፊያው ብረትም ይለያያል፦ የኤሲው ጫፉ ላይ የመዳብ ቀለበት አለው። በእሱ ፋንታ የዲሲውን ከገጠሙ ኮይሉ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፣ ያንጎራጉራል።

ዳገቱን ማብዛት

ጨዋታው እንዲፈጥን የኋላ እግሮቹን ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው። ፍሊፐር ወደ ፒንቦል የገባው እ.ኤ.አ. በ1947 ቺካጎ ውስጥ ጎትሊብ ኩባንያ በሠራው ማሽን ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠሩት ማሽኖች የታሰቡት ለዝግ ያለ ኳስ ነበር። ለኤሌክትሮሜካኒካሎቹ ወደ 3.5 ዲግሪ ያህል፣ ለኋለኞቹ ወደ 6.5 ዲግሪ ያህል የተለመደ ልክ ነው። የቀድሞውን ማሽን ወደ ኋለኞቹ ልክ ሲያመጡት ኳሷን ወደ ታች የሚስባት ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ከላይ በጤንነት የታደሰው ፍሊፐር እንደገና የደከመ ይመስላል። ልኩ የሚወሰደው ውሃ ልክን በመጫወቻ ሰሌዳው እንጨት ላይ አስቀምጦ ነው፤ መስታወቱና ሣጥኑ ይዋሻሉ። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ማየትም አይርሱ።

ኳሷን፣ ጎማውንና ሰሌዳውን መርሳት

27 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ግራም ክብደት ያላት የብረት ኳስ ከተጫረች ሰሌዳውን ቀስ በቀስ ትሞርደዋለች። መስታወት ሆና ካላበራች ትቀየር። የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ኳሷን አይመልስም፤ ሲቀይሩ ግን ልኩ የጠበበ ጎማ ጎትተው አያልብሱ፣ ምሰሶዎቹን ያዘማል። ሰሌዳውን በሚፋቅ የጽዳት ስፖንጅ አይሹ፤ የአሮጌ ማሽኖች ቫርኒሽ ስስ ነው፣ ከቆሻሻው ጋር ሥዕሉም ይነሳል። ውሃም ለእንጨቱ ጠላት ነው። ለስላሳ ጨርቅና የካርናውባ ሰም ይበቃሉ።

ፊውዝ እየጨመሩ መሄድ

ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል ተለቅ ያለ ማስገባት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ፊውዙ የሚናገረው የተጣበቀ ኮይል፣ የተመታ ትራንዚስተር ወይም የተቃጠለ ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር ዕቃ) እንዳለ ነው። በትልቁ ፊውዝ ዝም ሲያሰኙት ቀጥሎ የሚቀልጠው ሽቦው ነው፣ ከዚያም የሚነደው ሣጥኑ ራሱ፤ እንጨት ነውና። በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቮልት፣ አምፔርና ዓይነት ያስገቡ፤ ዘግይቶ የሚቃጠል ተብሎ ከተጻፈ በፍጥነት በሚቃጠለው አይተኩት። በኤሌክትሮኒክሱ ማሽን ውስጥ ቦርዱ ላይ የቆየ ባትሪ ካገኙም በዚያው ቀን ያውጡት፤ ሲያፈስ የቦርዱን መስመሮች ይበላል። ባትሪውን በሽቦ አርዝሞ ከቦርዱ ውጭ፣ ከታች ባለ መያዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።